በጠመንጃ ላይ የሚገጠም ዲጂታል የሌሊት ዕይታ መነጽር፦ አውሬውን የሚያሳየው ርቀትና አውሬውን የሚያስለየው ርቀት

ጠያቂው በጎችና ፍየሎች የሚያረቡ ሰው ሲሆኑ፣ ግልገሎቻቸው ሌሊት ሌሊት እየተወሰዱባቸው ስለተቸገሩ በጠመንጃቸው ላይ የሚገጠም ዲጂታል የሌሊት ዕይታ መነጽር ለመግዛት አስበዋል። ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሦስት ነገር ማወቅ ይፈልጋሉ። በማሸጊያው ላይ «እስከ 400 ሜትር ያሳያል» የሚለው ጽሑፍ ምን ያህል ይታመናል? ከዲጂታሉና የሰውነት ሙቀትን ከሚያሳየው ከቴርማሉ የቱ ይመረጣል? መሣሪያው ከተገዛስ በኋላ ጉዳቱ ይቆማል ወይ? የቀሩት ሁለቱ መልሳቸው በመጨረሻው ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ግልገሎቹን የሚገድለው ማን እንደሆነ በእርግጥ ታውቋል ወይ? ሬሳ ሲበላ የተገኘ አውሬ ሁሉ ገዳይ አይደለም፤ ግልገሉ በብርድ፣ በበሽታ ወይም በወሊድ ችግር ሞቶ አውሬው የደረሰው ከዚያ በኋላ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ቢላዋና ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነው። የሞተውን ግልገል ቆዳ ከጉሮሮው፣ ከማጅራቱና ከጭኑ ላይ ገፈው ከውስጥ በኩል ይመልከቱት፤ የጥርስ ቀዳዳዎች ካገኙም በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለክተው ይያዙ። ልቡ እየመታ ሳለ የተነከሰ እንስሳ በጥርሱ ቀዳዳ ዙሪያ ከቆዳው ሥር ደም ሠርጎ፣ ጠቁሮና ረግቶ ይታያል፤ ከሞተ በኋላ የተነከሰ ግን ቀዳዳው ቢኖርም በዙሪያው የረጋ ደም የለውም። የንክሻው ቦታም ይናገራል። ቀበሮና መሰሎቹ ትናንሽ እንስሳትን አብዛኛውን ጊዜ ጉሮሮ ላይ ይይዛሉ፤ ከድመት ወገን የሆኑት ትልልቅ አውሬዎች በጉሮሮ ወይም በማጅራት ላይ ጥንድ ጥንድ የሆኑ ጥልቅ ቀዳዳዎች ይተዋሉ፤ ጅብ አጥንቱን ሳይቀር ስለሚበላ ብዙ ጊዜ ከዱካውና ካልሲየም ስለበዛበት ከሚነጣው ኩሱ በቀር የሚመረመር ነገር አያስቀርም። ባለቤት ያላቸው ውሾች ደግሞ በኋላ እግር፣ በጎን፣ በጆሮ ላይ በዘፈቀደ ይነክሳሉ፤ በአንድ ሌሊት ብዙ እንስሳ አቁስለው ጥቂቱን ብቻ ቀምሰው ይሄዳሉ። ጥፋተኛው የጎረቤት ውሻ ከሆነ መፍትሔው ከባለቤቱ ጋር መነጋገር ነው እንጂ መነጽርና ጠመንጃ አይደለም።

ገዳዩ በእርግጥ የዱር አውሬ ከሆነም፣ መግደል ብቻውን ጉዳቱን ለዘለቄታው የሚያቆመው ጥቂት ጊዜ ነው። ብዙዎቹ ሥጋ በል እንስሳት ግዛት ይዘው የሚኖሩ ናቸው። በግዛቱ ለዓመታት የኖረው፣ በአይጥና በጥንቸል የሚተዳደረውና ከበረትዎ ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው አውሬ ከተገደለ፣ ባዶ የቀረውን ቦታ ሌላ ይይዘዋል፤ የሚመጣው ደግሞ ከበፊተኛው የባሰ ጠባይ ያለው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መተኮስ ተገቢ የሚሆነው በረቱን ደጋግሞ በሚያጠቃው በዚያው እንስሳ ላይ ሲሆን ነው። ከዚያ በፊት ግን ሌሊቱን መንጋውን በጠንካራ በረት ማሳደር፣ እናቶችን በመውለጃቸው ሰሞን ከሜዳ ማስገባት፣ የእንግዴ ልጅንና የሞተ እንስሳን ሽታው አውሬ ሳይጠራ ቶሎ መቅበር፣ ከቡችላነቱ ጀምሮ ከመንጋው ጋር ያደገ ጠባቂ ውሻ ማኖር መቅደም አለባቸው። የሚመጣው አውሬ መዝለልና መውጣት የሚችል ከሆነ ያለ ጣሪያ የቆመ አጥር በረት ሊባል አይገባም። እነዚህ ሳይደረጉ የተገዛ መሣሪያ፣ ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ባለቤቱን በየሌሊቱ እንቅልፍ ያሳጣው እንደሆነ ነው እንጂ ግልገል አያድንም።

ሕጉም ከግዢው በፊት ይጠየቅ። የሌሊት ዕይታ መሣሪያ መያዝ የሚፈቀድበት፣ ጠመንጃ ላይ መግጠም ግን የሚከለከልበት አገር አለ፤ ሌሊት መተኮስ ራሱ የተከለከለበት አለ፤ አውሬው በሕግ የተጠበቀ ሲሆን ደግሞ ፈቃድ የግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በበርን ከተማ የተፈረመው የአውሮፓ የዱር እንስሳት ስምምነት ጥበቃ የሚያደርግላቸውን አጥቢ እንስሳት በኤሌክትሮኒክ የሌሊት ማነጣጠሪያ መግደልን ከተከለከሉት ዘዴዎች መካከል ዘርዝሮታል፤ የአውሮፓ ኅብረት በ1992 ያወጣው የተፈጥሮ ጥበቃ መመሪያም ይህንኑ ይከለክላል። የእርስዎ አካባቢ ሕግ የተለየ ሊሆን ስለሚችል፣ የዱር እንስሳት ጉዳይ ኃላፊነት ካለበት መሥሪያ ቤት መልሱን በጽሑፍ እንዲቀበሉ እመክራለሁ።

አሁን ወደ 400 ሜትሩ። ዲጂታል የሌሊት ዕይታ መነጽር በመሠረቱ ካሜራ ነው። በውስጡ ያለው የሲሊከን ሴንሰር የሰው ዓይን ከ700 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) አካባቢ በኋላ የማያየውን ብርሃን እስከ 1000 ናኖሜትር ገደማ ድረስ ይቀበላል፤ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ግን የሚቀበለው ብርሃን በቂ ስላልሆነ የራሱን የኢንፍራሬድ መብራት ያበራል። የርቀቱ ጉዳይ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ መብራት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በእንስሳው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በ100 ሜትር ላይ ከሚያርፈው ጋር ሲነጻጸር በ400 ሜትር ላይ የሚያርፈው አንድ አሥራ ስድስተኛው ብቻ ነው ማለት ነው። ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ አየሩ ጥርት ባለበት ሌሊት፣ ትልቅ ነገር፣ «እዚያ አንድ ነገር አለ» ለማለት በሚያስችል መጠን የሚታይበት ርቀት ነው። ለመተኮስ የሚያበቃው ርቀት ግን ያ ነገር ምን እንደሆነ ያለ ጥርጥር የሚታወቅበት ርቀት ነው፤ ይህ ከመጀመሪያው እጅግ ያንሳል።

በዚህ ላይ የቆየና አሁንም የሚሠራበት መለኪያ አለ። በአሜሪካ ጦር የሌሊት ዕይታ ምርምር ውስጥ የሠሩት ጆን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1958 ያቀረቡት መስፈርት ወደ ዛሬው ፒክስል (ምስሉ ወደተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ሲመለስ፣ አንድ ነገር መኖሩን ለማወቅ በአጭሩ ጎኑ ላይ 2 ያህል ፒክስል፣ ወገኑን ለማወቅ 8 ያህል፣ ምንነቱን ለይቶ ለማወቅ 13 ያህል ፒክስል ያስፈልጋል ይላል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ እነዚህ ቁጥሮች ተመልካቹ ትክክል የመሆኑ ዕድል ግማሽ በግማሽ ለሚሆንበት ሁኔታ የተሰጡ መሆናቸው ነው። ግማሽ በግማሽ በሆነ ዕድል ቃታ መሳብ ደግሞ ማንም ሊያደርገው የማይገባ ነገር ነው፤ ስለዚህ እነዚህን ቁጥሮች እንደ ወለል እንጂ እንደ በቂ መጠን አይውሰዷቸው።

በምሳሌ እንየው። ከጀርባው እስከ እግሩ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀበሮ 200 ሜትር ላይ ቆሟል እንበል። የፒክስሉ መጠን 12 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው)፣ ሌንሱ 25 ሚሊ ሜትር በሆነ ቴርማል ሲታይ፣ አንዱ ፒክስል በዚያ ርቀት 9.6 ሴንቲ ሜትር ስለሚሸፍን ቀበሮው ቁመቱ 4 ፒክስል ብቻ ነው። አንድ ሞቃት ነገር እንዳለ ይታያል፤ ቀበሮ ይሁን ውሻ ወይም ከመንጋው የቀረ ግልገል ግን አይታወቅም። ይኸው ቀበሮ 100 ሜትር ላይ ሲደርስ 8 ፒክስል፣ 60 ሜትር ላይ ሲደርስ ደግሞ ወደ 14 ፒክስል ይሆናል። የፒክስሉ መጠን 2.9 ማይክሮን፣ ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር በሆነ ዲጂታል መነጽር ሲታይ ግን በ200 ሜትር አንዱ ፒክስል የሚሸፍነው 1.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ቀበሮው ከ30 በላይ ፒክስል ያገኛል፤ ጆሮው፣ የጭራው ውፍረት፣ አረማመዱ፣ በአንገቱ ላይ ማሰሪያ ካለም ማሰሪያው ይለያል። ይህ የሚሆነው ግን መብራቱ እንስሳው ጋ ከደረሰና አየሩ ንጹሕ ከሆነ ብቻ ነው። በዲጂታል ማጉላት የሚገኘው ትልቅ ምስል በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ ያሉትን ፒክስሎች ያገዝፋቸዋል እንጂ አዲስ አይጨምርም።

ከዚህ የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ይወጣል። ቴርማል የሚበልጠው በመፈለግ ነው፤ መብራት አይፈልግም፣ በጨለማ ሜዳ ላይ ያለውን ሞቃት አካል ወዲያው ያወጣዋል፣ በሣሣ ሣር መካከል የተጋደመውን እንኳ ይጠቁማል። ዲጂታል የሚበልጠው በመለየት ነው፤ በዋጋም በአብዛኛው ይቀላል፣ ቀንም ያገለግላል፣ የሚያየውንም ይቀርጻል። አቅም ካለ በእጅ በሚያዝ ቴርማል ፈልጎ በዲጂታል መለየት ከሁሉ የተሻለው አካሄድ ነው። አንድ ብቻ መግዛት ከሆነ፣ የበረትዎ ዙሪያ ገላጣና አውሬው የሚመጣበት ርቀት ከ150 ሜትር የማይበልጥ ከሆነ፣ ዲጂታሉን እመርጣለሁ። ከተቻለ ደግሞ መጀመሪያ ጠመንጃ ላይ የማይገጠመውን፣ በእጅ የሚያዘውን ይግዙ። ለጥቂት ሌሊት ያለ ጠመንጃ ተቀምጠው አውሬው ከየት እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ በአጥሩ የትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ ቢቀርጹ፣ ያ ምስል ብዙ ጊዜ ጥይት ሳይተኮስ ቀዳዳውን በመድፈን ብቻ ነገሩን ይጨርሰዋል። ከቤት ወይም ከመኪና ውስጥ ሆነው ማየት የሚፈልጉ ከሆነም ይህን ይወቁ፦ ቴርማል በመስኮት መስታወት አሻግሮ አያይም፤ ዲጂታሉ ያያል፤ ነገር ግን የራሱ መብራት ከመስታወቱ ተመልሶ ምስሉን ስለሚያነጣው መስኮቱ መከፈት አለበት።

የመብራቱ ዓይነት ለብቻው የሚታሰብበት ነው። በገበያ ላይ በብዛት ያሉት 850 እና 940 ናኖሜትር ናቸው። 850ው ሴንሰሩ በደንብ ስለሚቀበለው ሩቅ ያሳያል፤ ነገር ግን ከፊት ለፊት ለሚያየው ዓይን ደብዘዝ ያለ ቀይ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ሲሳደድ የኖረ አውሬ ይህን ነጥብ ለይቶ መሸሽ ይማራል። 940ው ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፤ ሴንሰሩ ግን እርሱንም በደካማው ስለሚቀበለው ርቀቱ ያጥራል። አውሬው በረቱ አጠገብ ለሚመጣበት ሰው 940 ይበቃል፤ ለሰፊ ሜዳ 850 ይሻላል። የትኛውም ቢሆን መብራቱ ጠባብና ሰፊ ሆኖ የሚስተካከልና ከመነጽሩ አካል ራቅ ብሎ የሚገጠም ቢሆን መልካም ነው። ከፊት ያለ ረጅም ሣር፣ የአጥር ሽቦ ወይም የጠመንጃው አፈሙዝ ራሱ ብርሃኑን መልሶ ሲያንጸባርቅ ሴንሰሩ በቅርቡ ነጸብራቅ ታውሮ የሩቁን ያጨልመዋል። በጭጋግ፣ በካፊያና በአቧራም እንዲሁ ነው፤ የመኪና ረጅም መብራት በጉም ውስጥ ነጭ ግድግዳ እንደሚያቆም ሁሉ የኢንፍራሬዱም መብራት ያቆማል። እንዲህ ባለ ሌሊት መተኮሱን መተው ይገባል።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ አጥብቄ ወደምለምነው ነገር ደረስኩ። የሚያበራ ዓይን አይተኮስም። ብርሃን ሲያርፍበት የሚያበራው በብዙ እንስሳት ዓይን ጀርባ ያለ አንጸባራቂ ሽፋን ነው፤ ይህ ሽፋን በቀበሮ ብቻ ሳይሆን በበግ፣ በፍየል፣ በላም፣ በውሻና በድመትም ዓይን ውስጥ አለ። በዲጂታል መነጽር ደግሞ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የዓይን ቀለም መለያ ሊሆን አይችልም። የሰው ዓይን ይህ ሽፋን ስለሌለው እንዲያ አያበራም፤ «የሚያበራ ዓይን ካላየሁ ማንም የለም» ብሎ ማሰብም ስለዚህ የከፋ አደጋ ነው። መላ ሰውነቱ፣ ከራሱ እስከ ጭራው፣ ሲንቀሳቀስም ሲቆምም ካልታየ በቀር ጣት ወደ ቃታ አይሂድ።

ለዚህ የሚያገለግል፣ በራስዎ መሬት ላይ የሚደረግ ሙከራ አለ። ከካርቶን ወይም ከቀጭን እንጨት በእውነተኛ መጠናቸው የቀበሮ፣ የውሻና የግልገል ቅርጽ ይቁረጡ፤ ግራጫ ቀለም ይቀቧቸው ወይም አሮጌ የበግ ቆዳ ያልብሷቸው። ጠመንጃው ቤት ይቅርና በእጅ በተያዘው መሣሪያ፣ ወይም ከጠመንጃው በተፈታው መነጽር፣ ሌላ ሰው እርስዎ በማያውቁት ቅደም ተከተል በ50፣ በ75፣ በ100፣ በ150 ሜትር እያቆመ፣ አንዳንዴም ፊቱን ወደ እርስዎ እያዞረ፣ አንዳንዴም ግማሹን በሣር እየሸፈነ ይጠይቅዎት። ለእያንዳንዱ የሰጡትን መልስ ይጻፍ። ያለ አንዳች ስሕተት የለዩበት የመጨረሻው ርቀት የመሣሪያው ሳይሆን የእርስዎና የመሣሪያው ርቀት ነው፤ ለጥንቃቄ ከዚያ አንድ ሦስተኛውን ይቀንሱ። ሙከራው ጨረቃ ባለበትም በሌለበትም፣ ደረቅ በሆነና ጤዛ በወረደበት ሌሊትም ይደገም። በማሸጊያው 400 ሜትር የተባለ መሣሪያ በዚህ ሙከራ 120 ወይም 100 ሜትር ቢሰጥዎት አይዘኑ፤ ያ እውነተኛው ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ በቀን ብርሃን ርቀቱን ለክተው በዛፍ፣ በድንጋይ ወይም በአጥር ምሰሶ ምልክት ያድርጉ፤ ሌሊት በስክሪን ላይ ጥልቀት ስለማይታይ 80 ሜትሩና 160 ሜትሩ አንድ ይመስላሉ።

መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር ማስማማት ቀን ከተጀመረ ሌሊት መረጋገጥ አለበት። የሚታየው ብርሃንና ኢንፍራሬዱ በሌንሱ ውስጥ የሚታጠፉት እኩል ስላልሆነ ቀን የጠራው ምስል ሌሊት ይደበዝዛል፤ የሌንሱ ጥራት እንደገና መስተካከል ይኖርበታል። በዲጂታል መነጽር የማነጣጠሪያው መስቀል በምስሉ ላይ የተሣለ ስለሆነ ዓይንዎ ከመሐል ትንሽ ቢወጣ ማነጣጠሪያው አይዛባም፤ ይህ ከተለመደው መነጽር የሚሻልበት ጠባይ ነው። በአንጻሩ ምስሉ ከእውነታው ዘግይቶ ይደርሳል። መዘግየቱ 50 ሚሊሰከንድ ቢሆን በሰከንድ 10 ሜትር የሚሮጥ አውሬ ስክሪኑ ላይ ከሚታይበት ቦታ ግማሽ ሜትር አልፏል፤ ብርሃን ባነሰ ቁጥርም መሣሪያው እያንዳንዱን ምስል ለመሰብሰብ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድ ሩጫው ወደ ጭረትነት ይለወጣል። ስለዚህ በሚሮጥ እንስሳ ላይ አይተኮስም።

በጠመንጃ ላይ የተገጠመ መነጽር ለመፈለጊያ አይሆንም፤ በእርሱ አካባቢን መቃኘት አፈሙዙን በማያውቁት ነገር ሁሉ ላይ ማዞር ነው። ከላይ በምሳሌነት ያነሣሁት ዲጂታል መነጽር በ100 ሜትር ላይ የሚያሳየው 11 ሜትር ያህል ስፋት ያለው መሬት ብቻ ነው፤ ከዚያ ግራና ቀኝ ያለው እረኛ፣ ጎረቤት ወይም መንገደኛ ለእርስዎ የለም ማለት ነው። ስክሪን ያየ ዓይን ጨለማውን እንደገና ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስለሚፈልግ በባዶ ዓይን ዞር ብሎ ማረጋገጥም አያስተማምንም። ዒላማውን የሳተ ወይም አልፎት የሄደ ጥይት፣ ትንሹ እንኳ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል። ስለዚህ የሚተኮስበት ቦታ አስቀድሞ በቀን የተመረጠ፣ ከኋላው ጥይቱን የሚውጥ የአፈር ቁልል ወይም ተዳፋት ያለበት ይሁን፤ አውሬ በኮረብታ ጫፍ ላይ ሰማይን ተደግፎ ሲቆም ከኋላው ያለው አይታወቅምና አይተኮስበት። የቤተሰቡ ሰዎችና ጎረቤቶች የትኛው ሌሊት፣ ከየት ወደ የት እንደሚተኮስ አስቀድመው ይወቁ።

ባትሪን በተመለከተ ጥቂት ብቻ ልበል፦ ብርድ አቅሙን ስለሚቀንስ፣ መብራቱም ብዙ ስለሚበላ፣ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ሰዓት በታች ያሰሉ፤ ሁለተኛውን ባትሪ በውስጥ ኪስዎ አሙቀው ይያዙ።

ጥይት ከተተኮሰ በኋላ እንስሳው ቢወድቅም ባይወድቅም ወዲያው ተነሥተው አይሂዱ። ጥቂት ደቂቃ በመነጽሩ ይመልከቱ፤ የቆመበትን ቦታና የሸሸበትን አቅጣጫ ከቀን ምልክቶችዎ በአንዱ ያስታውሱ፤ የተቀረጸም ምስል ካለ መልሰው ይዩት። ከዚያ ጠመንጃውን ጥይት አውጥተው ለሁለተኛ ሰው ይስጡና በተለመደው ነጭ መብራት ይሂዱ፤ ደምና ፀጉር በኢንፍራሬድ ምስል ውስጥ ከሣሩ አይለዩም፣ በነጭ መብራት ግን ደሙ በቀለሙ ይታወቃል። አውሬው ቆስሎ ወደ ጥሻ ከገባና አደገኛ ዓይነት ከሆነ ሌሊቱን አይከተሉት፤ ቦታውን ምልክት አድርገው፣ መንጋውን በበረት ዘግተው፣ ለሚመለከተው አካል አስታውቀው ሲነጋ ልምድ ካላቸው ሰዎች ጋር ይፈልጉት። ሲገኝም ጥርሱን በመጀመሪያ በገፈፉት ግልገል አንገት ላይ ከለኩት የቀዳዳ ርቀት ጋር ያመሳክሩት፤ ካልገጠመ በረቱን የሚያጠቃው ሌላ ነውና ጥበቃው ይቀጥል።